በርካሽ ኪት የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት፦ ከሳጥኑ እስከ ቅኝቱ

ከ100 እስከ 150 ዶላር በሚሸጥ የጊታር ኪት ውስጥ ቅርጽ የወጣለት እንጨት፣ ፍሬት የተተከለበት አንገት፣ በላስቲክ የታሸጉ ብሎኖች፣ ሁለት ወይም ሦስት ፒካፕና ጥቂት ሽቦ ይመጣል። ፍሬት የምለው በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች ነው፤ ፒካፕ ደግሞ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ያለው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው፤ ነት ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ወደ አንገቱ ሲሻገሩ የሚያርፉበት ነጭ ቁራጭ ነው። እነዚህን መግጠም ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ የተገጠመው ዕቃ በትክክል እንዲቃኝ፣ ቅኝቱን እንዲይዝና ጣት እንዳያደክም ማድረግ ነው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን ለቀለሙ ይሰጡና ፍሬቱንና ነቱን እንደመጡ ይተዋቸዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ቀለሙ ቀላል ይሁን፤ ሰዓታትዎን ለፍሬት፣ ለነትና ለመጨረሻው ማስተካከያ ያስቀምጡ። በእነዚህ ሦስት ሥራዎች የተደከመበት ርካሽ ኪት፣ ማስተካከያ ካልተደረገለት ውድ ጊታር የተሻለ ለእጅ ይመቻል።

መመሪያውን ያዘጋጀሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰንዳፋ። የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት ለሌለው፣ ምናልባት በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለሚሠራ፣ መብራት በፈለገው ሰዓት ለማያገኝ ሰው። ደግነቱ ይህ ከሞላ ጎደል የእጅ ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ የግድ የሚያስፈልገው ሽቦ ለመበየድና ጥቂት ቀዳዳዎች ለመብሳት ነው፤ መሰርሰሪያው የእጅ ወይም የባትሪ ከሆነ ደግሞ ለመበየድ ብቻ።

የትኛው ኪት?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ የቴሌካስተር ዓይነት ኪት ይግዙ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ይህ ጊታር አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በኮላ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ብሪጁ፣ ማለትም በአካሉ ላይ ክሮቹን የሚሸከመው ብረት፣ አይንቀሳቀስም፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉም ሁለት ፒካፕ፣ አንድ የፒካፕ መምረጫ፣ አንድ የድምፅ መጠንና አንድ የቶን (የድምፅ ብሩህነት) ማዞሪያ ብቻ ነው። ስሕተት ቢፈጠር ተፈትቶ እንደገና ይገጠማል። እ.ኤ.አ. በ1954 የመጣው ስትራቶካስተርም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በስፕሪንግ የሚንቀሳቀሰው ብሪጅ ርካሽ ሲሆን ቅኝት አይይዝም። ስትራቶካስተር ካማረዎት ብሪጁ የማይንቀሳቀሰውን ይምረጡ። አንገቱ በኮላ የሚጣበቀውን የሌስ ፖል ዓይነት ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። እሱ አንገቱ በትንሽ ማዕዘን ዘንበል ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ኮላው አንዴ ከደረቀ በኋላ ማዕዘኑን ማረም የባለሙያ ሥራ ነው።

ኪቶቹ በሀገር ውስጥ መደብር እምብዛም ስለማይገኙ አብዛኛው ሰው ከውጭ ያስመጣል ወይም በመንገደኛ ያስልካል። አንገቱና አካሉ ተለያይተው ስለሚታሸጉ በትልቅ ሻንጣ ይገባሉ፤ ለመንገደኛ ይህን አስቀድመው ይንገሩት። ሲያዝዙ አንገቱ ከሜፕል እንጨት መሆኑንና በውስጡ የሚስተካከል የብረት ዘንግ፣ ማለትም ትረስ ሮድ፣ እንዳለው ያረጋግጡ። ዘንግ የሌለውን አንገት በምንም ዋጋ አይግዙ። የአካሉ እንጨት ብዙውን ጊዜ ባስውድ ወይም ፖፕላር ይሆናል፤ ሁለቱም ለስላሳና ለመሥራት የማያስቸግሩ ናቸው። ከኪቱ ሁሉ በቀላሉ የሚተካው አካሉ ነው። አንድ ቀን ሁለተኛ ጊታር ሲሠሩ አንገቱን ከውጭ፣ አካሉን ደግሞ ከደረቀ ዋንዛ በሰፈርዎ አናጺ ዘንድ ማሠራት ይችላሉ። ከበሮና ክራር ሲሠራበት የኖረ እንጨት ለኤሌክትሪክ ጊታርም ያምራል።

መሣሪያዎች

ጥሩ ካቻቢቴ፣ የባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች ስብስብ፣ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሞረድ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ፣ ከ120 እስከ 2000 ቁጥር ያለው ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ከ30 እስከ 40 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ መበየጃ ከመበየጃ እርሳሱ ጋር፣ መልቲሜትር። አብዛኛው በሰፈር የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ይገኛል፤ አሮጌ ግን ጥሩ ብረት ያላቸው ሞረዶችን ለሚፈልግ መርካቶ ምናለሽ ተራ መውረድ ያዋጣል። ከ1000 በላይ ቁጥር ያለውን ብርጭቆ ወረቀት የመኪና ቀለም ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል።

ከእነዚህ ሁሉ የምወድደው መሣሪያ ግን በነፃ የሚገኝ ነው። እብነ በረድ ቆራጮች ደጅ ከሚጣለው ቁርጥራጭ ወርዱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ፊቱ በማሽን የተወለወለ አንድ ቁራጭ ይለምኑ። የብረት ማስመሪያውን በጠርዙ ፊቱ ላይ አቁመው ከበስተጀርባ በብርሃን ይመልከቱ፤ ብርሃን ካላለፈ ቀጥ ያለ ነው። ፍሬት የሚያስተካክሉት በዚህ ነው።

ሳጥኑ ሲደርስ

አይቸኩሉ። ዕቃውን አውጥተው ይቁጠሩ፣ ጉድለት ካለ ፎቶ አንስተው ለሻጩ ወዲያው ይጻፉ፤ ከዚያ አንገቱንና አካሉን በሚሠሩበት ቤት ውስጥ፣ ከፀሐይና ከወጥ ቤት እንፋሎት ርቀው፣ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። እንጨት የአካባቢውን እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ያብጣል፣ ይሸበሸባል። ኪቱ እርጥበታማ ከሆነ የባሕር ዳር አገር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደረቅ የበጋ አየር ሲገባ ፍሬት ቦርዱ፣ ማለትም ፍሬቶቹ የተተከሉበት የአንገቱ ፊት፣ በወርድ ጥቂት ይቀንሳል፤ ብረቱ ግን አይቀንስም። በዚህ ምክንያት የፍሬቶቹ ጫፎች ከጎን ብቅ ብለው እጅ ይቧጭራሉ። እንጨቱ ከመርጋቱ በፊት የሞረዱት ጫፍ ከወር በኋላ እንደገና ብቅ ይላል።

ያለ ቀለም መግጠም

ማንኛውንም ብርጭቆ ወረቀት ከማንሣትዎ በፊት ጊታሩን በደረቁ ይግጠሙ። ዓላማው አንድ ነው፤ አንገቱና ብሪጁ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ማወቅ።

አንገቱን በቦታው አስገብተው አራቱን ብሎኖች በከፊል ያጥብቁ። ብሪጁን ያለ ብሎን ቦታው ላይ ያስቀምጡ። የልብስ ስፌት ክር ወስደው በነቱ ላይ በመጀመሪያውና በስድስተኛው ክር ቦዮች አሳልፈው እስከ ብሪጁ ድረስ ይወጥሩ። ሁለቱ ክሮች ከፍሬት ቦርዱ ጠርዝ እኩል መራቅ አለባቸው። አንዱ ወደ ጠርዙ ከተጠጋ ብሎኖቹን ላላ አድርገው አንገቱን በእጅ ወደ ጎን ይግፉትና እንደገና ይለኩ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ርቀት ነው። በቴሌካስተርና በስትራቶካስተር ከነቱ እስከ ብሪጁ ያለው የክር ርዝመት 25.5 ኢንች፣ ማለትም 648 ሚሊ ሜትር ነው። ከነቱ የፊት ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት መሐል 324 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚያም እስከ ብሪጁ መቀመጫ፣ ማለትም እያንዳንዱ ክር በብሪጁ ላይ እስከሚያርፍበት ትንሽ ብረት፣ ሌላ 324። የቀጭኑን ክር መቀመጫ በብሎኑ ወደ ፊት አምጥተው በ648 ላይ ሲያደርጉት ወደ ኋላ የሚሄድበት በቂ ቦታ መቅረት አለበት፤ ወፍራሞቹ ክሮች ጥቂት ሚሊ ሜትር ረዘም ማለት ስለሚፈልጉ ነው። ፋብሪካው የበሳው የብሪጅ ቀዳዳ ከዚህ ውጭ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹን በጠንካራ እንጨት ቀጭን ዘንግና በኮላ ደፍነው፣ አንድ ቀን አሳድረው፣ በትክክለኛው ቦታ ይብሱ። ስቱኮ ለዚህ አይሆንም፤ ብሎን አይዝም። ይህን አሁን ማረም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከቀለም በኋላ ግን ቀለሙን ማበላሸት ነው።

አንገቱን ወደ አካሉ የሚያስሩት ብሎኖች በአካሉ ቀዳዳ ውስጥ ጥርሳቸው ሳይነክስ ተንሸራተው ማለፍ፣ አንገቱን ግን ነክሰው መያዝ አለባቸው። አካሉንም ከነከሱ በሁለቱ መካከል ስንጥቅ ይቀራል፤ ድምፁም ቅኝቱም ይጎዳል። የአካሉን ቀዳዳ በ4.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ያስፉት፤ በአንገቱ ላይ ቀዳዳ ከሌለ በ3 ሚሊ ሜትር ይብሱ። በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልለው የጥልቀቱን ልክ ያመልክቱ፤ ከብሎኑ ጥልቀት ያለፈ ቀዳዳ በፍሬት ቦርዱ በኩል ብቅ ይላል። ብሎኑን ከማስገባትዎ በፊት ጥርሱን በሻማ ወይም በሰም ያሹት። የኪት ብሎን ለስላሳ ስለሆነ በደረቅ ሜፕል ውስጥ ሲገፉት ራሱ ይቆረጣል።

አካሉን ማለስለስና ቀለም መቀባት

እዚህ አጠር አደርጋለሁ፤ ብዙ መንገድ አለና፣ ሁሉም ይሠራል።

ያልተቀቡ የኪት አካላት አብዛኞቹ ስስ የፋብሪካ ማሸጊያ ተቀብተው ይመጣሉ። ዘይት ወይም የእንጨት ማቅለሚያ እንዲጠጣ ከፈለጉ ይህ መነሣት አለበት። በ120 ቁጥር ጀምረው በ180፣ በ240፣ በ320 ይጨርሱ፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ከ240 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል፤ ሲደርቅ በ320 ያርፋል። አንገቱ የሚገባበትን ጉድጓድ ግን በፕላስተር ሸፍነው አንድም ጊዜ አይንኩት፤ የጉድጓዱ ጥብቀት ነው አንገቱን የሚይዘው። አፍና አፍንጫዎን በጭንብል ሸፍነው ከቤት ውጭ ይሥሩ፤ በረንዳ ላይ ከሆነ የታችኛው ፎቅ ልብስ አለመሰጣቱን ይመልከቱ።

ለመጀመሪያ ጊታር የምመክረው የእንጨት ዘይት ነው፤ ማድረቂያ የተጨመረበት፣ ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ አይሆንም። በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ያልጠጣውን በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ አንድ ቀን ያሳድሩ፤ ይህን አራት ወይም አምስት ጊዜ ይድገሙ። አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ሞቆ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ጨርቁን ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት። በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ይህ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አደጋ አይደለም።

የሚያብረቀርቅ ቀለም ከፈለጉ በሰፈር ያለ የመኪና ቀለም ቀቢ አካሉን ከሌላ ሥራ ጋር ደርቦ ሊቀባልዎ ይችላል። ባለ ሁለት ድብልቅ የመኪና ቀለም ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለ በቤት ውስጥ በተራ የጨርቅ ጭንብል አይሞክሩት። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በዝናብ ቀን የተነፋ ቫርኒሽ እርጥበት ይዞ ነጭ ጉም ያበጃል። የቀለሙን ሥራ ለጥቅምት ያቆዩትና ዝናቡን ለፍሬት ሥራ ይጠቀሙበት፤ እሱ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው።

አንገቱ ራሱ ሜፕል ከሆነ በስስ ዘይት ወይም ቫርኒሽ መታሸግ አለበት፤ ላብና እርጥበት ያጠቁረዋልና። ፍሬት ቦርዱ ጥቁር ወይም ቡናማ እንጨት ከሆነ ግን ቫርኒሽ አይንካው። አንዳንድ ኪት የራሱን ቅርጽ ያልቆረጠ፣ እንደ መቅዘፊያ የሰፋ ራስ ይዞ ይመጣል፤ የሚወዱትን ቅርጽ በወረቀት ሥለው በቀጭን መጋዝ ይቁረጡ፣ የመቃኛ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ግን ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር እንጨት ይተዉ።

ፍሬት፦ የሥራው እምብርት

ጊታሩ በአንድ ፍሬት ላይ ሲነካ ከነዘረና ከተንጫጫ፣ ወይም ድምፁ ከታነቀ፣ ከፊቱ ካሉት ፍሬቶች አንዱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በርካሽ ኪት ላይ ይህ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ክሩን ከፍ ማድረግ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሩ በራቀ ቁጥር ጣት ይደክማል፤ ሲጫኑትም ክሩ ስለሚለጠጥ ቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ ፍሬቶቹን እኩል ማድረግ የግድ ነው።

በመጀመሪያ አንገቱን ያለ ክር ፍጹም ቀጥ ያድርጉ። የብረት ማስመሪያውን በጠርዙ በፍሬቶቹ ላይ በርዝመት ያቁሙ። መሐሉ ላይ ብርሃን ካለ ዘንጉን በቁልፉ ወደ ቀኝ፣ ማስመሪያው መሐል ላይ አርፎ ጫፎቹ ከተነሡ ወደ ግራ ያዙሩ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ። ቁልፉ ከጠነከረ ይቁም፤ የተበጠሰ ዘንግ በቀላሉ አይጠገንም።

ከዚያ ከፍ ያሉትን ይፈልጉ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለዚህ ይበቃል። ካርዱን በአንድ ጊዜ በሦስት ፍሬቶች ላይ ብቻ ያቁሙ፤ ወደ አካሉ ሲጠጉ ፍሬቶቹ ስለሚቀራረቡ ካርዱን በመቀስ ያሳጥሩት። ካርዱ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ የመሐሉ ፍሬት ከፍ ያለ ነው፤ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። በወፍራሙ ክር በኩል፣ በመሐልና በቀጭኑ በኩል ለየብቻ ይመርምሩ፤ አንድ ፍሬት በአንድ ጎኑ ብቻ ሊነሣ ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ፍሬት ብቻ ከሆነ ከፍ ያለው፣ ምናልባት በደንብ አልገባም፤ በላዩ ላይ የጣውላ ቁራጭ አድርገው በትንሽ መዶሻ በቀስታ መታ ያድርጉትና እንደገና ይለኩ።

ብዙ ከሆኑ ሁሉንም እኩል ያድርጉ። ፍሬት ቦርዱን በፍሬቶቹ መካከል በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። የእያንዳንዱን ፍሬት አናት በቋሚ ማርከር ያጥቁሩ። በእብነ በረዱ ላይ ባለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በሁለት ፊት ፕላስተር ይለጥፉ። አሁን ያለ ጫና፣ የራሱ ክብደት እንዲሠራ በመተው፣ በአንገቱ ርዝመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዱት። ፍሬት ቦርዱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በእኩል ምልልስ ይሸጋገሩ፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆዩ ጉብታው ይጠፋል። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ቆም ብለው ይመልከቱ። ማርከሩ የተፋቀበት ፍሬት ከፍ ያለ ነበር፤ ጥቁር የቀረበት ገና አልተነካም። ከሁሉም ላይ ቀጭን የብረት መስመር ሲታይ ወዲያው ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚፋቀው ብረት በከንቱ የሚያልቅ ዕድሜ ነው።

አሁን ፍሬቶቹ እኩል ናቸው፤ ነገር ግን አናታቸው ጠፍጣፋ ሆኗል። ጠፍጣፋ ፍሬት ላይ ክሩ ከትክክለኛው ቦታ ስለማይነሣ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ቅኝቱም ይዛባል። እንደገና በማርከር ያጥቁሯቸው፤ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ ከሁለቱም ጎን እየሞረዱ መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር እስኪቀር ያክብቧቸው። ያ መስመር መጥፋት የለበትም፤ ከፍታውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሞረዱን ከመጠቀምዎ በፊት ሦስቱን ስለት ጠርዞች በድንጋይ ላይ አሹ፤ አለዚያ ፍሬት ቦርዱን ይሰነጥቃል። በመጨረሻ በ600፣ በ1000፣ በ2000 ቁጥር እስኪያንጸባርቁ ያሹአቸው።

የጎኑን ጫፎች ጠፍጣፋውን ሞረድ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ዘንበል አድርገው በአንገቱ ርዝመት እየነዱ ይከርክሙ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ፍሬት ጥግ በትንሹ ሞረድ ያለዝቡ። ዓይንዎን ጨፍነው መዳፍዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ያንሸራትቱ። የሚቧጭር ነገር ካለ አልጨረሱም። ይህ ሁሉ ምናልባት ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከጠቅላላው ሥራ ግን በጊታሩ ላይ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ቀን የለም።

የኤሌክትሪክ ክፍሉ

ኪቱ ሽቦዎቹ በሶኬት የሚያያዙ ከሆነ መበየድ ላያስፈልግዎ ይችላል። የሚበየድ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት የሽቦውን ሥዕል ታትሞ በወረቀት ይያዙ፤ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪም ያልቃል።

መጀመሪያ የፒካፕና የማዞሪያ ጉድጓዶቹን ውስጥ በመዳብ ፕላስተር፣ ካልተገኘም በኮላ በተለጠፈ የአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍኑ። የአንዱ ቁራጭ ብረት ከሌላው ጋር መነካካት አለበት፤ በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ሽፋኑን በአንድ ሽቦ ከማዞሪያው ጀርባ ጋር ያገናኙ፤ ከዚያው ጀርባ ሌላ ሽቦ በትንሿ ቀዳዳ አሳልፈው ከብሪጁ ሥር ያስገቡ። ይህች የምድር ሽቦ ከተረሳች ጊታሩ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ክሮቹን ቢነኩም ጩኸቱ አይቀንስም። ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ግን ምንም ያህል ቢሸፈን ከኤሌክትሪክ መስመራችን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ጥቂት ይቀበላል። ከስልክ ቻርጀርና ከትራንስፎርመር ራቅ ብሎ መቀመጥ ይቀንሰዋል።

ለአንድ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሁለት ጥቅል 500 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ይስማማል። የቶኑ ካፓሲተር 0.022 ወይም 0.047 ማይክሮፋራድ ቢሆን ሁለቱም ይሠራል፤ ትልቁ ድምፁን ይበልጥ ያጨልማል። ሲበይዱ ሁለቱን የሚገናኙ ብረቶች ያሙቁና እርሳሱን በእነሱ ላይ ያቅልጡ፤ በመበየጃው ጫፍ ላይ ቀልጦ የተንጠባጠበ እርሳስ አይይዝም። የማዞሪያው ጀርባ ሙቀት ስለሚውጥ በብርጭቆ ወረቀት ጭረው ከዚያ ይበይዱ። መስኮት ይክፈቱ፤ ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

ሽፋኑን ከመዝጋትዎ በፊት ገመዱን ወደ አምፕሊፋየር ሰክተው ፒካፖቹን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ ያድርጉ። መምረጫው በሦስቱም ቦታ ትክክለኛውን ፒካፕ ማሰማቱን ያዳምጡ። ድምፅ ከሌለ በመጀመሪያ የገመድ መሰኪያው ላይ ሁለቱ ሽቦዎች አለመገለባበጣቸውን ይመልከቱ። በዚሁ አጋጣሚ፣ የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ምድር ጋር ስለሚገናኙ፣ አምፕሊፋየሩ የሚሰካበት ሶኬት በእርግጥ የምድር መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ። ክር ሲነኩ እጅዎን የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ይንቀሉት።

ክር ማሰርና ማስተካከል

አሁን ሁሉንም ይግጠሙ። መቃኛዎቹን በመስመር አሰልፈው ለትንንሽ ብሎኖቻቸው በ1.5 ሚሊ ሜትር ይብሱ፤ ሰም አይርሱ። የአንገቱን ብሎኖች በሰያፍ ተራ በተራ ያጥብቁ። ክሩ ውፍረቱ (በሺኛ ኢንች) ከ09 እስከ 42 ወይም ከ10 እስከ 46 የሆነ ስብስብ ይሁን፤ ከኪቱ ጋር የመጣው ክር ለሙከራ እንጂ ለቋሚ አይሆንም። በስልክ መቃኛ መተግበሪያ ይቃኙና አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ እንደገና ቃኝተው ማስተካከሉን በዚህ ቅደም ተከተል ይጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ይደገማል።

አንደኛ፣ የአንገቱ ጉብጠት። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ይጫኑ። በ7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል። መለኪያ ከሌለዎት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ወረቀት በቀላሉ ካለፈና ሦስት ከነካካ ልክ ነው። ካልሆነ ዘንጉን በጥቂቱ ያዙሩ።

ሁለተኛ፣ ነቱ። የርካሽ ኪት ነት ቦዮቹ ጥልቀት ስለሌላቸው በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ የሚያዙ ኮርዶች ከቅኝት ይወጣሉ። እያንዳንዱን ክር በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭነው በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ እንደ ቀጭን ወረቀት ብቻ መሆን አለበት። የነት ሞረድ ውድ ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉ የብረት በር ሠራተኞች የጋዝ ብየዳ አፍ የሚያጸዱባቸው የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሸካራ ሽቦዎች ግን ይህን ሥራ አሳምረው ይሠራሉ፤ በብየዳ ዕቃ መደብር በስብስብ ይሸጣሉ። ቦዩን ወደ ጊታሩ ራስ ዘንበል አድርገው፣ ከክሩ ውፍረት ጋር የሚመጥነውን ሽቦ መርጠው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሳቡ ክሩን እየመለሱ ይለኩ። ከልክ በላይ ከወረደ በጣት ሳይጫኑት የሚመቱት ክር በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ይንጫጫል፤ ያኔ ነቱ መቀየር አለበት። ጸድቶ ከደረቀ የበሬ አጥንት የተሠራ ነት ከፕላስቲኩ የተሻለ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይወጣል።

ሦስተኛ፣ የክሩ ከፍታ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ወፍራሙ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ 1.6 ሚሊ ሜትር እንዲሆኑ የብሪጁን መቀመጫዎች በትንንሾቹ ብሎኖች ያውርዱ ወይም ያንሡ። ሁሉም መቀመጫ እስከ መጨረሻ ወርዶ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ፣ አንገቱን ፈትተው በጉድጓዱ ወለል ላይ በኋለኛው፣ ወደ ብሪጁ በሚቀርበው ጫፍ በኩል ወፍራም ወረቀት ያስገቡ።

አራተኛ፣ ቅኝቱ በአንገቱ ሁሉ ልክ እንዲሆን ማድረግ። ክሩን በ12ኛው ፍሬት ላይ በስሱ ነክተው የሚወጣውን ድምፅ፣ ከዚያም እዚያው ተጭነው የሚወጣውን ድምፅ በመቃኛው ያነጻጽሩ። ተጭነው ሲያወጡት ከፍ ካለ መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያንቀሳቅሱ፤ በየጊዜው እንደገና ይቃኙ። ከጨረሱ በኋላ መሣሪያውን በጆሮዎ ይፈትኑት። አንቺ ሆዬ ቅኝት ለዚህ ጥሩ ዳኛ ነው፤ በውስጡ ጠባብ የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ስላሉ ትንሽ መዛባት ወዲያው ይሰማል። ያንኑ ሐረግ በአንገቱ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከ12ኛው ፍሬት በላይ ይጫወቱት። ትዝታን ደግሞ ክሩን በስሱ እየሳቡ ይሞክሩት፤ ሲስቡት የሚታነቅ ድምፅ ካለ ወደ ፍሬቱ ተመልሰው ያንን ቦታ በካርዱ ይመርምሩ።

አምስተኛ፣ ፒካፕ። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በፒካፑና በክሩ መካከል በወፍራሙ በኩል 2.5፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ስቦ ድምፁን ያወዛውዘዋል።

አዲስ ጊታር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይረጋጋል፤ ከዚያ በኋላ የአንገቱን ብሎኖች አንድ ጊዜ ፈትሸው ያጥብቁ፣ የአንገቱን ጉብጠት በወረቀቱ እንደገና ይለኩ። ክረምት ሲገባ እንዲሁ፣ በጥቅምት አየሩ ሲደርቅም እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ የዘንጉ አንድ ስምንተኛ ዙር ይበቃል፤ ካዞሩ በኋላ ቅኝቱን መልሰው ከፍታውን እንደገና ይለኩ።